ክፉው ሰውዬ ስለምን ክፉ ሆነ?

ባለፈው እሑድ ከእኅቴ ልጅ አፍ የወጣች አንዲት አጭር መልስ ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ አልወጣ ብላ፥ ከቤት ወደ ቢሮ፥ ከቢሮ ወደ ቤት ስትከተለኝ ሰንብታለች። ከፍ ያለ የመንግሥት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የፊልም ጉዳይ ናት።

ልጁ የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነው። እሑድ እሑድ ለምሳ እኛ ቤት ይመጣል፤ ምሳው ካለቀ በኋላ ቴሌቪዥኑ የእሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ በሚበርሩ፥ በሚወረወሩና ሕንፃ በሚያፈርሱ ሰዎች ይሞላል። ፈረንጆች ሱፐርሂሮ ይሏቸዋል፤ እኛ ለዛሬው ኃያላን እንበላቸው። በዚያን ዕለት ያየነው በ2017 የወጣውን «ጀስቲስ ሊግ» የተባለውን ፊልም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።) በፊልሙ ውስጥ ቀንዳም የራስ ቁር የደፋ፥ መጥረቢያ የያዘ አንድ ግዙፍ ፍጡር ከሰማይ ወርዶ አገሩን ያምሰዋል።

«ይኸ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» አልኩት።

«ዓለምን ሊያጠፋ ነዋ፥ ጋሼ።»

«ስለምን?»

ልጁ ዞር ብሎ በመገረም አየኝና፥ «እንዴ! ክፉ ነዋ!» አለኝ።

ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ይህ መልስ ለእኔም እንግዳ አልነበረም። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ውስጥ አንዲት ፋይል ለማውጣት ሦስት ቦታ የሚያስፈርሙ አንድ ሽማግሌ አሉ። ስለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እኛም «ክፉ ናቸዋ!» ብለን ነገሩን ከዘጋነው ብዙ ዓመት ሆኖናል። ወደ እኚህ ሰው ኋላ እመለሳለሁ፤ ለጊዜው ወደ ፊልሙ እንሂድ።

እነዚህን ፊልሞች የሚነቅፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ሰው እንዴት ይበርራል? ጥይት እንዴት አይበሳውም?» እያሉ ነው የሚነቅፉት። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አያቶቻችን እሳት ዳር ተቀምጠው ስለ ጅብና ስለ አህያ ተረት ሲነግሩን፥ «ጅቡ በየትኛው ቋንቋ ተናገረ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። ጅቡ መናገሩን ሁላችን እሺ ብለን ተቀበልን። የተቀበልነውም ጅቡ ርቦት፥ አህያይቱም ፈርታ ስለነበረ ነው። ረኃብንና ፍርሃትን ከእናታችን ጓዳ ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ሰው የማይሆነውን ድርጊት በደስታ ያምናል፤ ምክንያት የሌለውን ፍላጎት ግን አያምንም። ተመልካች «እንዴት በረረ?» ሳይሆን «ወዴት ሊሄድ፥ ምን ፈልጎ በረረ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ለዚህም ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ያው እሑድ ያየነው ፊልም ሁለት ቅጂ አለውና። ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር ልጁ ሞታበት ሥራውን ሳይፈጽም ስለተወው፥ ጆስ ዊደን የሚባል ሌላ ሰው ገብቶ ብዙ ትዕይንት ቀንሶ፥ ብዙም ጨምሮ ሁለት ሰዓት አደረገውና በ2017 በየሲኒማ ቤቱ ታየ። በ2021 ደግሞ ስናይደር የራሱን ቅጂ አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ አድርጎ አወጣው። ባለቀንዱ ፍጡር ስቴፐንዎልፍ ይባላል፤ በሁለቱም ቅጂዎች ሦስት ተአምረኛ ሳጥኖች ይፈልጋል፤ በሁለቱም ይሸነፋል።

ልዩነቱን አድምጡ። በመጀመሪያው ቅጂ ስቴፐንዎልፍ ዓለምን የሚይዘው ዓለም መያዝ ስለሚወድ ነው። በሁለተኛው ግን ዳርክሳይድ የሚባል ጌታ አለው፤ ይህን ጌታውን ከድቶ ተገኝቷል፤ ከፊቱም ተባርሯል። ይቅርታ ለማግኘት ሌላ 50,000 ዓለም አስገብሮ ማስረከብ አለበት። ያ ተራራ የሚያህል ፍጡር በጌታውና በእሱ መካከል በቆመው አገልጋይ ፊት ጎንበስ ብሎ «እባክህ ወደ ቤቴ ልመለስ» እያለ ሲለማመጥ እናየዋለን። እንግዲህ አንባቢዎቼ፥ ከጌታው ፊት የተባረረ ሹም ደጅ ሲጠና ምን እንደሚመስል እኛን የሚያስተምረን ሆሊውድ ነውን? ታሪካችን በእንዲህ ያለ ሰው የተሞላ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱም አለ። ከሥልጣን የወረደ፥ ተመልሶ ለመታየት ሲል የበታቾቹን የሚያስጨንቅ ሰው ያልገጠመው እጁን ያውጣ። በመጨረሻ አንገቱ ተቀልቶ ራሱ በዚያው በናፈቀው ጌታው ፊት ወድቆ ስናይ፥ ደስታችን ከአንዲት ትንሽ ኀዘን ጋር ይመጣል። ይህን ሁሉ ለውጥ ያመጣው የጥቂት ደቂቃ ንግግር ነው።

ምክንያት መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በጊዜው መምጣት አለበት። በ2016 የወጣው «ባትማን ቪ ሱፐርማን» ሁለቱን ስመ ጥር ኃያላን ያጣላል። ባትማን ሱፐርማንን ረግጦ ይዞ በጦር ሊወጋው ሲል፥ ሱፐርማን ማርታን እንዲያድናት ይለምነዋል። ማርታ የሱፐርማን እናት ስም ነው። ባትማን በልጅነቱ የተገደለችበት እናቱም ማርታ ትባል ነበር። ወዲያው ጦሩን ይጥላል፤ ጠቡም በረደ፤ ከአፍታ በኋላ እናትየውን ለማዳን ይሮጥለታል።

ሐሳቡን አልንቀውም። አውሬ ነው ያልከው ጠላትህ እናት ያለው ሰው መሆኑ ድንገት ሲታይህ እጅህ ይዝላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ሲከማች የቆየ ጥላቻ በአንድ ስም ሲተን ተመልካቹ ይስቃል፤ ሳቀም። በአገራችን በወሰን የተጣሉ ሁለት ሰዎችን ለማስታረቅ ሽማግሌ ይላካል፤ ይቀመጣል፤ ይበተናል፤ እንደ ገና ይቀመጣል፤ ድንጋይ ተሸክሞ መማለድም አለ። የእናቶቻቸው ስም አንድ ሆኖ በመገኘቱ በደቂቃ የታረቁ ባላንጣዎች ግን እኔ አላየሁም።

ከዚህ የባሰም አለ። በ2002 በወጣው በመጀመሪያው «ስፓይደር ማን» ውስጥ የሃሪ አባት በገዛ መብረሪያ መሣሪያው ስለት ተወግቶ ይሞታል። ልጁ ግን ገዳዩ ስፓይደር ማን ነው ብሎ ቂም ይይዛል። ይህ ቂም ሁለት ፊልም ይሻገራል፤ በ2007 በወጣው በሦስተኛውም ውስጥ ሃሪ በዚሁ ቂም ተዋግቶ ፊቱ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ነው የቤቱ ሽማግሌ አሽከር ብቅ ብሎ፥ የሞቱ ዕለት ቁስላቸውን ያጠብሁት እኔ ነኝ፥ ስለቱ ከራሳቸው መሣሪያ የወጣ ነው ብሎ የሚነግረው። አንባቢዎቼ ሆይ፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» የማይል ማን ነው? ይህ እንደዚያ ሰነዱን በመሳቢያ ቆልፎ፥ ባለጉዳዩ ቤቱን ሸጦ ከጨረሰ በኋላ «እዚህ ነበረ ለካ!» እንደሚል ጸሐፊ ነው። ሰውዬው ስለምን እንደ ዘገየ ፊልሙ አይነግረንም። ምክንያቱን እኛ ግን እናውቀዋለን፤ ቀደም ብሎ ቢናገር ኖሮ ጠቡ አይኖርም ነበር። የዘገየው ለአሽከሩ ሳይሆን ለደራሲዎቹ ሲመች ነው ማለት ነው።

ተጀምረው የሚቀሩ ነገሮችም አሉ። በ2008 «ዘ ኢንክሬዲብል ሀልክ» በተባለው ፊልም መጨረሻ ላይ ሳሙኤል ስተርንስ የሚባለው ሳይንቲስት ራሱ ላይ ቆስሎ ሳለ፥ የአረንጓዴው ኃያል ደም ቁስሉ ውስጥ ይንጠባጠብበታል። ግንባሩ ማበጥ ሲጀምር ፈገግ ይላል። ምን ይሆን? ብለን ጠበቅን። መልሱ የመጣው በ2025 «ካፕቴን አሜሪካ፥ ብሬቭ ኒው ወርልድ» በተባለው ፊልም ነው። በዚያ ጊዜ ነገሩን ያየ የአንደኛ ክፍል ተማሪ መልሱን ሲያገኝ በ17 ዓመት አድጎ ነበር። እንዲሁም በ2016 በ«ዶክተር ስትሬንጅ» ፍጻሜ ላይ ሞርዶ የሚባለው ሰው በጥንቆላ ጥበበኞች ሁሉ ላይ ይነሣል። በ2022 ተከታዩ ሲመጣ ያገኘነው ሞርዶ ግን የሌላ ዓለም ሞርዶ ነበር። የመጀመሪያው ሰው የት ገባ? ብድሩን ስትጠይቀው ወንድሙን ልኮ «እኔ አይደለሁም የተበደርኩት» እንደሚያሰኝ ሰው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ስለምን ይሆናል? ሠሪዎቹ ሞኞች ሆነው አይደለም። አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው፤ አጭር ፊልም በአንድ ሲኒማ ቤት በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚታይ መቀስ ይበዛበታል። መቀሱም ፍንዳታውን ትቶ ንግግሩን ይቆርጣል። ከላይ ያነሣሁት የ2016 ፊልም ለሲኒማ ቤት 151 ደቂቃ ነበር፤ ኋላ በ182 ደቂቃ ሲወጣ፥ በሱፐርማን ላይ የመሰከረችው ሴት ተገድዳ የሐሰት ቃል መስጠቷ ታየ። ይህም በመቀስ ከተቆረጡት ነገሮች አንዱ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ተከታዩን ለመሸጥ መቸኮል ነው፤ የዛሬው ታሪክ ሳይፈጸም የነገው ማስታወቂያ ይገባበታል። ሦስተኛውም የሠሪው እጅ መብዛት ነው፤ ያንዱን ቃል ኪዳን ሌላው አያውቀውም።

ይሁን እንጂ በዚሁ ዓይነት ፊልም ውስጥ ሥራውን አሳምሮ የሠራም አለ። በ2018 በወጣው «ብላክ ፓንተር» ውስጥ የንጉሡ ባላጋራ ኪልሞንገር ይባላል። ዋካንዳ የምትባል ሀብታም አገር ንጉሥ በ1992 በአሜሪካ በኦክላንድ ከተማ የገዛ ወንድሙን ገድሎ፥ ሕፃን ልጁን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ይህ ሕፃን አድጎ ነው ዙፋኑን ሊጠይቅ የሚመጣው። መንገዱ ደም ነው፤ ጥያቄው ግን እውነት ነው፤ «ስለምን ተዋችሁኝ?» ይላል። ወጣቱ ንጉሥ ትቻላ ባላጋራውን ካሸነፈ በኋላም ጥያቄውን አይጥለውም፤ ወደዚያው ወደ ኦክላንድ ሄዶ፥ አባቱ ግፍ የሠራበትን ሕንፃ የድኾች መርጃ ሊያደርገው ይገዛዋል። እውነተኛ ምክንያት ያለው ክፉ ሰው ሲሞት እንኳ ደጉን ሰው ለውጦት ይሞታል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ያው ዓመት ሳያልቅ፥ እንዲያውም ከሁለት ወር በኋላ «አቬንጀርስ፥ ኢንፊኒቲ ዋር» ወጣ። በዚህ ውስጥ ታኖስ የሚባለው ኃያል ስድስት ዕንቁዎችን ሰብስቦ፥ በፍጥረተ ዓለሙ ካለው ሕያው ሁሉ ግማሹን በጣቱ ፉጨት ያጠፋዋል። ድኻና ሀብታም ሳይለይ፥ በዕጣ። ምክንያቱም የሚበላው ብዙ፥ የሚበላው ነገር ጥቂት ስለሆነ ነው ይላል።

ይህ ሰው መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ታኖስን በ1973 የፈጠረው ባለ ሥዕላዊ ታሪኩ ጂም ስታርሊን ነው። በ1991 በጻፈው ታሪክ ውስጥ ታኖስ ግማሹን ፍጥረት የሚያጠፋው በሴት አምሳል የተሣለችውን ሞትን ስለ ወደዳትና ሊያስደስታት ስለ ፈለገ ነው። ምክንያቱ እብደት ነው፤ ግን የሰው እብደት ነው። ያንን አንብቦ «ልክ ነው!» የሚል ሰው የለም። ፊልም ሠሪዎቹ እብደቱን አውልቀው የሒሳብ ካባ አለበሱት፤ ሒሳቡን ግን ማንም አልመረመረውም።

እስቲ እኛ እንመርምረው። በ2018 የዓለም ሕዝብ 7.6 ቢሊዮን ያህል ነበር። ግማሹ 3.8 ቢሊዮን ነው። የዓለም ሕዝብ 3.8 ቢሊዮን የነበረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ እልቂት ሰዓቱን ወደ ኋላ የመለሰው ግማሽ ምዕተ ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው ማለት ነው። ደግሞስ ዕንቁዎቹ ያሻውን ሁሉ ማድረግ ካስቻሉት፥ ሰውን ከማጉደል እህሉን ማብዛት ምን ከለከለው? በ2019 በመጣው ተከታይ ፊልም ውስጥ እውነተኛ ፍላጎቱ ሾልኮ ይወጣል፤ ይኸው ታኖስ ሁሉን አጥፍቶ በምትኩ የሚያመሰግነው አዲስ ዓለም ሊፈጥር ይነሣል። ለካ ሰውዬው የፈለገው የሰውን ጥጋብ ሳይሆን ምስጋናውን ነው።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ልጅ ስነግረው ዝም ብሎ አደመጠኝና፥ «ቢሆንም ጋሼ፥ ሐሳቡ ልክ አይደለም እንዴ? ሰው በዛ፤ ምግብ አነሰ፤ ሌላ ምን መላ አለው?» አለኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

እናቴ፥ የእሱ አያት ማለት ነው፥ የወሎ ሰው ናት። በ1973 ረኃብ ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከቤተ ሰቧ እሷና አንድ ወንድሟ ተረፉ። በዚያን ጊዜም «ምግብ ስላነሰ ነው፤ ሰው ስለበዛ ነው» ያለ ብዙ ነበር። ኋላ በ1998 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሕንዱ ሊቅ አማርትያ ሴን ነገሩን መርምሮ በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ ነገር አሳየ። በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ጠቅላላው የእህል ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር። የወደቀው የወሎ ገበሬና የከብት አርቢው የመግዛት አቅም ነው፤ አዝመራው ጠፋበት፤ ከብቱም ዋጋ አጣ። ሕዝቡ እየተራበ ሳለ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የወጣ እህል እንኳ ነበረ። እንግዲህ የጎደለው መንገድ፥ ገንዘብና የሚሰማ ጆሮ ነበር እንጂ፥ የሰው ቁጥር መቀነስ አልነበረም።

«አያትህ ከዚያ ዕጣ የተረፈች ናት» አልኩት። «ታኖስ ልክ ነው ስትል፥ በሞቱት በእኅቶቿ ላይ ፈርደህ መናገርህ ነው።» ልጁ ቀላ። ከፍቶት ሳይሆን አስቦት ስለማያውቅ ነው። ማንስ እንዲያስብ ጠየቀው? ፊልሙ አልጠየቀው፤ እኔም እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልጠየቅሁትም።

እንግዲህ በደካማ ምክንያት የተሠራ ባለታሪክ የሚያስከትለው ጉዳት ይህ ነው። «ክፉ ነዋ!» የሚባለው ዓይነት ሲሆን፥ ክፋት መነሻ የሌለው፥ ከሰማይ የሚወርድ፥ ስለዚህም የማይመረመርና የማይከላከሉት ነገር ይመስለናል። ያልተመረመረ ሒሳብ የያዘው ዓይነት ሲሆን ደግሞ፥ ክፋት ብልኅነት ይመስለናል። ሁለቱም ከማሰብ ያሳርፉናል።

ፊልም አትዩ አልልም፤ እኔም በሚመጣው እሑድ አያለሁ። ነገር ግን ስታዩ ሦስት ጥያቄ በኪሳችሁ ያዙ። ይህ ሰው ምን ይፈልጋል? ይህን እንዲፈልግ ያደረገው ምን ደረሰበት? የፈለገውን ለማግኘት ሌላ መንገድ ነበረውን? ከእናንተ መካከል ድርሰት የምትሞክሩ ተማሪዎች እንዳላችሁም አውቃለሁ፤ ባለታሪካችሁ ቢበርርም ባይበርርም እነዚህን ሦስቱን ሳይመልስ ከቤቱ አይውጣ። የጀመራችሁትንም ክር ቋጩት፤ ተመልካችና አንባቢ አበዳሪ ነው፤ ይረሳል ብላችሁ አትታለሉ።

ስለ መዝገብ ቤቱ ሰውዬ ላጫውታችሁ ቃል ገብቻለሁና፥ የራሴን ክር ሳልቋጭ ብሄድ ነውር ነው። ሐሙስ ዕለት አንድ ፋይል ፈልጌ ሄድኩ። እንደ ልማዳቸው ሦስቱን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። ብዕሬን እንደያዝሁ፥ «ይቅርታዎን፥ ሦስት ቦታ የሚያስፈርሙን ስለምን ነው?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁና ለጥቂት ጊዜ አዩኝ። «ድሮ አንድ ፋይል ለአንድ ጓደኛዬ በቃል ሰጥቼ ጠፋ» አሉኝ። «ወሰድኩ የሚል ሰው ታጣ። ስምንት ወር ሙሉ ከደመወዜ ተቆረጠ። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችን ገና አራስ ቤት ነበረች።» ከዚያ ቀጥለው፥ «ምነው፥ ከበዳችሁ እንዴ? ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው» አሉ።

ሦስቱንም ቦታ አጥርቼ ፈረምሁ።

እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብቱ።